ጌጡ ከግንቡ የተወለደ ቤተ ክርስቲያን

አማርኛን በማጥናት ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ስለ ቤት ሥራ በሚነገርበት ጊዜ ሁለት ቃላት ደጋግመው ሳይሰሙ አይቀሩም፤ አንዱ «ልስን» ሁለተኛው «ልባጥ» ነው። ልስን ማለት ግድግዳው ከቆመ በኋላ በላዩ የሚቀባው የጭቃ፣ የኖራ ወይም የሲሚንቶ ሽፋን ነው። ልባጥ ደግሞ ዋጋው አነስተኛ የሆነውን ነገር ዋጋው ከፍ ባለ ስስ ነገር መሸፈን ነው፤ እንጨቱ በወርቅ ተለበጠ፣ ግንቡ በእብነ በረድ ተለበጠ ይባላል። ሁለቱም በየቦታቸው ጥቅም አላቸው። ነገር ግን ላዩ አምሮ ውስጡ የማይታወቀውን ነገር ባለ ቋንቋው «ውስጡን ለቄስ» እያለ ይተርበዋልና፣ ከልስኑና ከልባጡ ሥር ምን እንዳለ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንገልጸው ሕንፃ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። እርሱም በእንግሊዝ አገር ዋና ከተማ በለንደን፣ ኦክስፎርድ ስትሪት ከሚባለው ታላቅ የንግድ መንገድ በስተ ሰሜን፣ በማርጋሬት ስትሪት የሚገኘው የቅዱሳን ሁሉ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በአገሩ ቋንቋ «ኦል ሴይንትስ» ይባላል። የመሠረቱ ድንጋይ የተጣለው በ1850 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረው በሜይ 28 ቀን 1859 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 በእንግሊዝ ዙፋን ላይ ስለ ነበረች፣ በዚያ ጊዜ የተሠሩትን ሕንፃዎች የቪክቶሪያ ዘመን ሕንፃዎች ብሎ መጥራት ተለምዷል፤ ይህም ቤተ ክርስቲያን ከእነርሱ መካከል በስም ከታወቁት አንዱ ነው።

የሕንፃውን ነገር በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ የዘመኑን ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል። ለንደን በ1801 የነበራት ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ በ1851 ከሁለት ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሆኖ ነበር። ሕዝቡ በዚህ ፍጥነት ሲበዛ አብያተ ክርስቲያናቱ አልበቁትም። ስለዚህ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1818 አዋጅ አውጥቶ ለአዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ማሠሪያ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ገንዘቡ ብዙ ቢመስልም የሚሠሩት ቤቶች ብዙዎች ነበሩና፣ ባለሥልጣኖቹ ዋጋው እንዲቀንስ አጥብቀው ይቈጣጠሩ ነበር። ከዚህም የተነሣ በብዙ ስፍራ የተሠሩት ሕንፃዎች ሰፊና ምእመናንን የሚችሉ ቢሆኑም፣ ጌጣቸው ጥቂትና ስስ ሆነ።

የከተማው የመኖሪያ ቤቶችም ቢሆኑ የልስን ዘመን ላይ ነበሩ። በሬጀንት ፓርክ ዙሪያ ጆን ናሽ በሚባለው የሕንፃ ሊቅ ዕቅድ የተሠሩት ታላላቅ ቤቶች ከሩቅ ሲታዩ በነጭ የተጠረበ ድንጋይ የተገነቡ ይመስላሉ። ነገር ግን ግንባቸው ጡብ ነው፤ በጡቡ ላይ ልስን ተቀብቶ፣ በልስኑም ላይ የድንጋይ መጋጠሚያ የሚመስል መስመር ተሰምሮበታል። ቤቶቹ ዛሬም ውበታቸው የሚደነቅ ነው፤ እኛም ለመንቀፍ አላነሣናቸውም። ሆኖም ጡቡ ድንጋይ ነኝ ብሎ እንዲታይ መደረጉ በዚያ ዘመን አንዳንድ ሰዎችን ማስቈጣት ጀመረ።

ከተቈጡት ሰዎች ዋነኛው አውግስተስ ፑጂን ነበር። ይህ ሰው በ1841 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሕንፃ ሁለት ደንቦችን አስተማረ። አንደኛው፣ ለአገልግሎት፣ ለጥንካሬ ወይም ለክብር የማያስፈልግ ነገር በሕንፃ ላይ ሊኖር አይገባም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጌጥ ማለት ሕንፃው ራሱ የቆመበትን አካል ማስዋብ ነው እንጂ፣ ከውጭ አምጥቶ መለጠፍ አይደለም የሚል ነው። በ1839ም በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ወጣቶች ጆን ሜሰን ኒልና ቤንጃሚን ዌብ ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ማኅበር አቋቁመው የመካከለኛውን ዘመን አብያተ ክርስቲያናት አሠራር ያጠኑ ጀመር። ማኅበሩ ከ1841 ጀምሮ መጽሔት እያሳተመ በየአገሩ የሚሠሩትን አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ ይመረምር፣ ደስ ያሰኘውን ያመሰግን፣ ያላማረውንም ያለ ርኅራኄ ይነቅፍ ነበር።

ሌላውን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ራስ ሠርቶ ማሳየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማኅበሩም ይህን ተረድቶ፣ በከተማ መካከል የሚሠራ ቤተ ክርስቲያን ምን መምሰል እንዳለበት የሚያሳይ አንድ የምሳሌ ሕንፃ ለማቆም ቈረጠ። የሥራው ጠባቂ የሆነው የፓርላማ አባልና ባለጸጋ የነበረው አሌክሳንደር ቤሬስፎርድ ሆፕ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ሌሎች ባለጸጎችም አብረውት ተሰለፉ፤ ከእነርሱም መካከል ሄንሪ ትሪተን የሚባል የባንክ ባለቤት ከሁሉ የበለጠውን ገንዘብ ሰጠ። ቦታው በማርጋሬት ስትሪት አንድ አሮጌ የጸሎት ቤት የነበረበት ስፍራ ሲሆን፣ አሮጌው ቤት በ1850 ፈረሰ።

ለሥራው የተመረጠው የሕንፃ ሊቅ ዊልያም በተርፊልድ ይባላል። በተርፊልድ የተወለደው በ1814 በለንደን ነው፤ ወላጆቹ ስትራንድ በሚባለው መንገድ ላይ የመድኃኒት መደብር ነበራቸው። ከሕንፃ ሊቅ ዘንድ ከመግባቱ በፊት በወጣትነቱ በአንድ ግንበኛ ተቋራጭ ሥር ሥራ ለመልመድ ተቀጥሮ ነበር። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጡብ እንዴት እንደሚደረደር፣ ጭቃው እንዴት እንደሚለወስ፣ አናጢውና ድንጋይ ጠራቢው እንዴት እንደሚሠሩ በቅርብ ያየ ሰው፣ በወረቀት ላይ መስመር ሲያሰምር ግንበኛው ነገ የሚሠራውን አብሮ ያያል። የቅዱሳን ሁሉን ሥራ ሲቀበል ዕድሜው ገና ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ነበር።

የመጀመሪያው ችግር የቦታው ጥበት ነበር። ስፋቱ በየማዕዘኑ መቶ ጫማ ያህል፣ ማለትም ሠላሳ ሜትር በሠላሳ ሜትር የሚሆን ሲሆን፣ ዙሪያውን በሌሎች ቤቶች ታጥሯል። በዚህ ቦታ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ ሳይሆን የካህናቱን መኖሪያና የመዘምራን ልጆችን ትምህርት ቤት ጨምሮ እንዲሠራ ታዘዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ቤተ ክርስቲያኑን ከመንገዱ ዳር አስጠግቶ፣ ሌሎቹን ቤቶች ከኋላ በሸጐጠ ነበር። በተርፊልድ ግን ተቃራኒውን አደረገ። ሁለቱን ቤቶች ከመንገዱ ዳር በግራና በቀኝ አቁሞ፣ በመካከላቸው ትንሽ ግቢ ተወ፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ከግቢው በስተ ውስጥ አደረገው። ከመንገዱ የሚመጣው ሰው በቅስት በር ገብቶ፣ የጠበበውን ግቢ አቋርጦ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይደርሳል። የገበያው ጫጫታ ከበሩ ውጭ ይቀራል። ከጥቂት ርምጃ የማይበልጠው ግቢ ሰውየው ልቡን ሰብስቦ የሚገባበትን ጊዜ ይሰጠዋል።

ወደ ጐን መስፋት ያልተቻለው ሕንፃ ወደ ላይ እንዲያድግ ተደረገ። ደወል ቤቱ በላዩ ካለው ሹል ጣሪያ ጋር 227 ጫማ፣ ማለትም 69 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በታወቀው በዌስትሚኒስተር አቢ በስተ ምዕራብ የቆሙት ሁለቱ ግንቦች ከፍታቸው 225 ጫማ መሆኑን ስናስብ፣ በጓሮ መንገድ ላይ የተሸሸገው አጥቢያ በሁለት ጫማ እንደሚበልጣቸው እናያለን። የደወል ቤቱም የታችኛው ክፍል ባዶ አልቀረም፤ ሕፃናት የሚጠመቁበት የክርስትና ቤት ሆኗል። በጠባብ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው አንዲት ክንድ እንኳ ሳያባክን እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ መማር ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሕንፃው የተገነባው በጡብ ነው። ዛሬ ይህ የሚያስደንቅ አይመስልም፤ በዚያን ጊዜ ግን ለታላቅ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው የተጠረበ ድንጋይ ነው፣ ጡብ የመጋዘንና የተርታ ቤት ዕቃ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ከዚህም በላይ መንግሥት ከ1784 ጀምሮ በጡብ ላይ ቀረጥ ጥሎ ነበር፤ ቀረጡ የተነሣው የዚህ ቤተ ክርስቲያን መሠረት በተጣለበት በዚያው በ1850 ነው። በተርፊልድ ጡቡን በልስን አልሸፈነውም፤ ድንጋይ እንዲመስልም አላስገደደውም። ቀላ ያለውን ጡብ በረድፍ ደርድሮ በመካከሉ ጥቁር ጡብና ነጣ ያለ ድንጋይ እያስገባ፣ ግድግዳውን መቀነት እንደ ታጠቀ ሰው አደረገው። በአንዳንድ ስፍራም ጥቁሩ ጡብ ተጠማዝዞና ተሰባብሮ የሐረግ መልክ ይሠራል።

ይህ ጌጥ ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው ቢባል፣ ከግድግዳው ሊላቀቅ የማይችል በመሆኑ ነው። ጥቁሩ ጡብ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከላዩ ያለውን ክብደት ይሸከማል። ግንበኛው ጌጡን የሠራው ግድግዳውን በሠራበት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መለሰኛ፣ በዚያው ጭቃ ነው። ቀለሙም ከሰዓሊ ብሩሽ የመጣ አይደለም። የጡብ ቀለም የሚገኘው ከአፈሩ ዓይነትና ከእሳቱ ኃይል ነው፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት በእሳት ጊዜ ጡቡን ያቀላዋል፤ አፈሩና አተኳኰሱ ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል። ስለዚህ ጡቡ ቢሸረፍ እንኳ የሚታየው ያው የራሱ መልክ ነው። እንዲህ ያለው አሠራር በሰሜን ኢጣልያ ባሉት የመካከለኛው ዘመን ሕንፃዎች ዘንድ የታወቀ ነበርና፣ የእንግሊዝ የሕንፃ ሊቃውንት በዚያ አገር ሲጓዙ እየተመለከቱ ይማሩት ነበር።

ወደ ውስጥ ሲገባ የሚታየው ከውጭው ይልቅ የበለጸገ ነው። ምእመናን የሚቆሙበት ክፍል ርዝመቱ አጭር ሲሆን፣ በየወገኑ ያሉት ታላላቅ ቅስቶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ቁመቱ ግን ሰውን ቀና ብሎ እንዲያይ ያስገድዳል። ቅስቶቹን የተሸከሙት ዓምዶች ከስኮትላንድ የመጣ፣ እንደ መስተዋት እስኪያበራ የተሞረደ ቀይ ግራናይት ናቸው። የዓምዶቹ ራስ ቅጠል እየመሰለ የተቀረጸ ነጭ አልባስጥሮስ ነው። ከቅስቶቹ በላይ ያለው ግድግዳ በሦስት ማዕዘን፣ በክብና በመስቀል ቅርጽ እየተፈለፈለ ልዩ ልዩ ቀለም ባላቸው ነገሮች ተሞልቷል። ወለሉ በቀለማት የተሰደረ ሸክላ ነው። የስብከቱ ሰገነት ከብዙ ዓይነት እብነ በረድ ተገጣጥሞ የተሠራ በመሆኑ፣ ልጆች ይዞ የገባ ወላጅ ስንት ዓይነት ድንጋይ እንዳለ እንዲቈጥሩ ቢያዝዛቸው ለረጅም ሰዓት ጸጥ ይላሉ።

በስተ ምሥራቅ በመቅደሱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ግን ሌላ ችግር ነበረበት። ጐረቤት ቤቶች ተጠግተውት ስለ ቆሙ በዚያ ወገን መስኮት መክፈት አልተቻለም። በእንግሊዝ አገር አብያተ ክርስቲያናት በምሥራቅ ወገን ታላቅ መስኮት ማድረግ የተለመደ ነውና፣ ይህ ለበተርፊልድ እንደ ጉድለት ሊቈጠር ይችል ነበር። እርሱ ግን ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ድረስ ደረጃ በደረጃ በቅስት ከፋፍሎ ለሥዕል አዘጋጀው፤ ሥዕሉንም የታወቀው የስኮትላንድ ሰዓሊ ዊልያም ዳይስ ሣለው። መስኮት በሌለበት የቅዱሳን ሥዕል ቆመ።

ሥራው ያለ ጠብ አልተፈጸመም። መሠረቱ ከተጣለ እስከ ቅዳሴ ቤቱ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ፤ ወጪውም ቦታውን ጨምሮ ወደ 70,000 ፓውንድ ደረሰ። የሥራው ጠባቂ ሆፕና በተርፊልድ በጌጡ ነገር ተጣሉ። ሆፕ፣ በተርፊልድ በቀለሙ ብዛት የራሱን መልካም ሥራ አበላሸው እያለ ያማርር ነበር፤ በተርፊልድም ከሐሳቡ ፈቀቅ የሚል ሰው አልነበረም። በሌላ ወገን ስመ ጥሩው ጸሐፊ ጆን ረስኪን ስለ ቬኒስ ሕንፃዎች የጻፈውን መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል በ1853 ሲያሳትም፣ ሥራው ገና ሳያልቅ ይህን ቤተ ክርስቲያን ፍርሃትና ድካም የሌለበት የዘመኑ ሕንፃ ነው ብሎ አመሰገነው። በአንዱ ሕንፃ ላይ የከፈለው ሰው ሲያዝን ሌላው ሲያመሰግን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

በእነርሱ ክርክር መካከል ፍርድ የሰጠው ጊዜ ነው። ጊዜም የፈረደው በጢስና በእርጥበት አማካይነት ነው። የቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ቤቱን የሚያሞቀው፣ ፋብሪካውንም የሚያንቀሳቅሰው በድንጋይ ከሰል ነበርና፣ አየሩ ጥላሸት የተሞላ ነበር። በዚህ አየር ውስጥ የዳይስ ሥዕሎች ረጅም ዕድሜ አላገኙም፤ ቀለማቸው እየደበዘዘና እየተበላሸ ሄደ። በመጨረሻም በ1909 ኒኒያን ኮምፐር የሚባል ሌላ የሕንፃ ሊቅ ሥራውን ተረክቦ፣ ሥዕሎቹን በእንጨት ሰሌዳ ላይ እንደገና አሠርቶ ከአሮጌዎቹ ፊት አቆማቸው። ዛሬ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ የሚታዩት እነዚህ የኮምፐር ሥዕሎች ናቸው። የቀላው ጡብና የጥቁሩ ጡብ መቀነት፣ የግራናይቱ ዓምድና የአልባስጥሮሱ ቅጠል ግን በዚያው አየር ውስጥ ቆይተው፣ ጥላሸቱ ሲታጠብላቸው የመጀመሪያ መልካቸውን መልሰው ያሳያሉ። በላዩ የተቀባው ቀለም ሲሄድ፣ በአካሉ ውስጥ ያለው ቀረ።

በተርፊልድ ራሱ ይህን ሳያስተውል አልቀረም እንላለን። የቤተ ክርስቲያኑ የመጀመሪያ አለቃ አፕተን ሪቻርድስ በ1873 ባረፈ ጊዜ፣ ለመታሰቢያው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ታላላቅ የቅዱሳት መጻሕፍት ታሪኮች እንዲሠሩ ተደረገ። ይህም ግድግዳ እንደ ምሥራቁ መስኮት የሌለው ነው። በዚህ ጊዜ ሥራው በግድግዳው ላይ በተቀባ ቀለም ሳይሆን፣ ሥዕሉ በሸክላ ሰሌዳ ላይ ተሥሎ፣ ሸክላው በእሳት ተጠብሶ፣ ከዚያ በኋላ በግድግዳው ላይ ተገጣጠመ። አንባቢያችን «ይህስ ልባጥ አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በእርግጥም ሸክላው ግድግዳውን አይሸከምም። ነገር ግን ቀለሙን ከእሳት የተቀበለ ሸክላ እንደ ጡቡ ሁሉ በጨርቅ ሊታጠብ የሚችል ነው። ስለዚህ ልባጥ የግድ መጥፎ ነው አንልም፤ ልባጥም ቢሆን ሊቈይ በሚችል ነገር ከተሠራ ራሱን ያስከብራል። በ1877ም በምዕራቡ ወገን የነበረው መስተዋት ተለውጦ፣ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ በዌልስ ከተማ ካቴድራል ያለውን የእሴይ ዘር ሐረግ መስኮት የሚመስል አዲስ መስተዋት ገባ፤ የሠራውም አሌክሳንደር ጊብስ ነው።

የዚህ ሕንፃ ወሬ በአንድ መንገድ ላይ ተወስኖ አልቀረም። ጆርጅ ኤድመንድ ስትሪት የሚባለው የሕንፃ ሊቅ ከ1859 እስከ 1861 በዌስትሚኒስተር ወረዳ የሠራው የትንሹ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ የባለ መቀነት ጡብ አሠራር ይከተላል። በተርፊልድም ራሱ በኦክስፎርድ የኪብል ኮሌጅን በቀይ፣ በነጭና በጥቁር ጡብ ሠራ። በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዕቅድም የእርሱ ነው፤ ሥራው በ1880 ተጀምሮ በ1891 ቅዳሴ ቤቱ ተከበረ። በተርፊልድ ግን አውስትራልያን በዐይኑ አላየም፤ ከሩቅ ሆኖ የሰጠው ትእዛዝ በሌሎች እጅ ተፈጸመ። እርሱ በ1900 ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ የሰው ፍርድ ተለወጠ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተነሡት ትውልዶች የቪክቶሪያን ዘመን ሕንፃ ሁሉ አስቀያሚ፣ የበተርፊልድንም የቀለም አበዛዝ የሚያደናግር አድርገው ቈጠሩት። ጆን ሰመርሰን የሚባለው የሕንፃ ታሪክ ሊቅ ስለ በተርፊልድ ሲጽፍ የጽሑፉን ርእስ ስለ አስቀያሚነት ክብር የሚናገር አድርጎታል፤ ይህም ቀልድም ምስጋናም ነበር። የሰው አስተያየት በዚህ አላበቃም፤ በብዙ ከተማ የቪክቶሪያ ዘመን ሕንፃዎች እየፈረሱ በቦታቸው ሌላ ተሠራ። ይህን ለመከላከል በ1958 የቪክቶሪያ ማኅበር የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ሆኖም በለንደን የዩስተን ባቡር ጣቢያ መግቢያ የነበረው ታላቅ የድንጋይ በር ብዙ ሰዎች እየተቃወሙ ከ1961 እስከ 1962 ባለው ጊዜ ፈረሰ። ዛሬ ያንን በር በፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር ማየት አይቻልም። የማርጋሬት ስትሪቱ ቤተ ክርስቲያን ግን በመጀመሪያው የጥበቃ ማዕረግ በመንግሥት መዝገብ የተጻፈ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ የጸሎት ቤት ሆኖ ያገለግላል።

ሕንፃው ሲጠበቅ በውስጡ የነበረው ኑሮ ሁሉ አብሮ አልተጠበቀም። በግቢው ውስጥ የነበረው የመዘምራን ልጆች ትምህርት ቤት በ1968 ተዘጋ። ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት ልጆች መካከል አንዱ በኋላ በቴአትር ዓለም ስሙ የገነነው ሎረንስ ኦሊቪዬ ነው። ቤቱ ቆሟል፤ የልጆቹ የዕለት ትምህርት ግን ቀርቷል። ግንብን በአዋጅ ማስጠበቅ ይቻላል፤ በግንቡ ውስጥ የሚኖረውን ሥራ የሚያስጠብቀው ግን የሰዎች ፈቃድና የየዓመቱ በጀት ነው። ስለዚህ ሕንፃ ሲታሰብ ማን እንደሚጠቀምበትና ማን እንደሚንከባከበው ከመሠረቱ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

አንድ ነገር ሳንመዝን ማለፍ አይገባንም። 70,000 ፓውንድ በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ በዚህ ገንዘብ በድኾች ሰፈር ብዙ ተራ አብያተ ክርስቲያናት ሊሠሩ ይችሉ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ቢኖር ክርክሩ ከንቱ አይደለም። እብነ በረዱና አልባስጥሮሱ የባለጸጎች ስጦታ ናቸው፤ እያንዳንዱ አጥቢያ ይህን ያድርግ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከዚህ ሕንፃ ሌሎች የተማሩት ትልቁ ነገር እብነ በረዱን አይደለም። የተማሩት በየትም የሚገኘውን ጡብ ሳያፍሩበት፣ ሳይሸፍኑት፣ በጥንቃቄና በዐሳብ ደርድረው ማክበርን ነው። ጥቁርና ቀይ ጡብ እያፈራረቀ ለመደርደር የሚያስፈልገው ሀብት ሳይሆን አስቀድሞ ያሰበ የሕንፃ ሊቅና እጁ የታመነ ግንበኛ ነው።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የመንግሥት ሥራ የያዙ ናቸውና፣ ትምህርት ቤት ወይም ሐኪም ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ሲሠራ ፊርማቸው የሚጠየቅበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን በጠረጴዛቸው ላይ የሚቀርበው ሥዕል ምንጊዜም ያማረ ነው፤ ቀለሙ አዲስ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እኛ የምንመክረው የሥዕሉን ውበት ከማድነቅ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲያቀርቡ ነው፤ ይህ የሚታየው ውበት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ልስኑ ሲረግፍና ቀለሙ ሲደበዝዝ ምን ይሆናል? መልሱ «እንደገና እንቀባዋለን» የሚል ከሆነ፣ የመቀቢያው ገንዘብ በየዓመቱ ከየት እንደሚመጣ አብሮ ይጻፍ። መልሱ «ውበቱ በግንቡ ውስጥ ነው» የሚል ከሆነ ግን፣ ያን ግንብ የሚሠራው ግንበኛ ደመወዝ እንዳይቈረጥ አደራ እንላለን፤ የማርጋሬት ስትሪትን ጡብ አንድ በአንድ ያስቀመጡት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸውና።